ሃሎዊን፣ ቡሄ እና የ9ኛ ክፍል እንግሊዝኛ

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? መንዝ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ9ኛ ክፍል እንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። ስንማር ‹ቋንቋን ከባህል ነጥሎ ማስተማር አይቻልም› ተብለን ስለነበር፣ ባለፈው ጥቅምት ክፍሉን ትንሽ ላነቃቃ ብዬ ስለ ሃሎዊን፣ ልጆች መናፍስት መስለው በየደጁ ስለሚዞሩበት የፈረንጆች በዓል፣ አስተማርኩ። በስልኬ ፎቶ አሳየኋቸው፤ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ጥቂቶቹ ፊታቸውን በከሰል ቀብተው መጡ፤ ሳቅ በሳቅ ሆነ። በማግስቱ የአንዲት ተማሪ አባት፣ ቄስ ናቸው፣ ርእሰ መምህሩ ፊት ‹ልጄን የላክኋት ቋንቋ እንድትማር ነው ወይስ ሰይጣን እንድትጎትት?› ብለው ተቆጡኝ። የትምህርት ክፍል ተጠሪያችን ደግሞ ‹ባህሉን ለሥነ ዜጋ መምህር ተይለት፤ አንቺ ግራመርሽን ጨርሺ› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ውጭ ሰው ኑሮ የሚያወራ ምንባብ ሲመጣ እየዘለልኩ ነው። ተማሪዎቹ ‹ይቺ ለምን ተዘለለች?› ይሉኛል። የማስተምረው የማንን ባህል ነው? ወይስ ጨርሶ ልተወው?» — መምህርት፣ ከመንዝ

እህቴ፣ በመጀመሪያ መዝለሉን አቁሚ። ምንባብ በተዘለለ ቁጥር ተማሪዎችሽ አንድ ነገር መማራቸው አይቀርም፤ ወይ «የፈረንጅ ኑሮ ነውር ነው» ይላሉ፣ ወይ «መምህርቷ አታውቀውም»። ሁለቱም አይበጁሽም። ደግሞስ መሐል ሜዳም ይሁን ሞላሌ፣ ስልክ የያዘ ልጅ ሃሎዊንን ከቲክቶክ ማየቱ አይቀርም፤ እዚያ ግን «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው የለውም።

ቄሱን በተመለከተ፣ እኔ እንደገባኝ እኚህ አባት የተቆጡት በከሰሉ እንጂ በምንባቡ አይደለም። ስለ አንድ በዓል ማወቅና በዓሉን ማክበር ለየቅል ናቸው። ሙስሊም ተማሪ ስለ ጥምቀት አንብቦ ጥያቄ ይመልሳል፤ ታቦት እንዲያጅብ ግን ማንም አይጠይቀውም። ያንቺ ክፍል ሳታስቢው ከማወቁ ወደ ማክበሩ ተሻገረ፤ አባትየውም ያዩት ይህንኑ ነው። እኔም ልጄ ፊቷን አጥቁራ ብትመጣ ምን እንደተማረች ሳልጠይቅ አላድርም። የተጠሪሽ ነገር ግን ሌላ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ርእሱ ራሱ መጥፎ አልነበረም። ሃሎዊን የሚውለው በፈረንጆቹ ኦክቶበር 31 ማታ ነው፤ በእኛ ጥቅምት 21 ገደማ። ማግስቱ፣ ኖቬምበር 1፣ በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን የቅዱሳን ሁሉ መታሰቢያ ነው፤ ሃሎዊን የዚያ ዋዜማ መሆኑ ነው። ከዚህ ጋር አየርላንድና ስኮትላንድ ውስጥ መኸር አልቆ ጨለማው ወቅት ሲገባ ይደረግ የነበረ የቆየ ልማድ ተቀላቅሎበታል። በ19ኛው መቶ ዘመን ወደ አሜሪካ የተሰደዱ የሁለቱ አገር ሰዎች ይዘውት ሄዱ። ዛሬ በፊልም የምናየው፣ ዱባ የሚፈለፈልበት፣ ልጆች ከረሜላ የሚለምኑበት መልኩ በአብዛኛው ያደገው አሜሪካ ውስጥ ነው። እዚያው አሜሪካ «ከእምነታችን ጋር አይሄድም» ብለው ልጆቻቸውን በዚያ ማታ የማያስወጡ ክርስቲያን ቤተሰቦች አሉ። ይህቺን የመጨረሻዋን ለቄሱ ብትነግሪያቸው ቅር አይላቸውም።

እስቲ ከዚህ ጎን ቡሄን አስቀምጪው። የነሐሴ 13 የደብረ ታቦር በዓል ሲደርስ ወንዶች ልጆች ጅራፍ ያጮሃሉ፣ ዱላቸውን መሬት ላይ እየመቱ ከደጅ ደጅ ሆያ ሆዬ ይላሉ፣ ባለቤቱ ሙልሙል ይሰጣል (አሁን አሁን ብር ሆኗል)፣ መርቀው ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋሉ። ማታ፣ በቡድን፣ በየሰው ደጅ፣ የሚበላ ነገር ፍለጋ። የመንዝ ልጅ ይህን ካንቺም ከእኔም በላይ ያውቀዋል፤ ትምህርቱም መጀመር የነበረበት ከዚህ ነበር። በእንግሊዝኛ ጠይቂያቸው፦ የሚዞሩት እነማን ናቸው? ስንት ሆነው? አውጪው ማን ነው፣ ተቀባዮቹስ ምን ያደርጋሉ? ባለቤቱ ዝም ቢል ምን ይሆናል? ሴቶች ልጆችስ? እዚህ ላይ ክፍሉ መጮኹ አይቀርም፤ ሴቶቹ «የእኛ እንቁጣጣሽ ነው» ይሉሻል፣ የአበባየሆሽን ነገር ማስረዳት ይጀምራሉ። ተዪያቸው ያስረዱ።

ከዚያ በኋላ ያንኑ ጥያቄ ለሃሎዊን አቅርቢለት። «ባለቤቱ ባይሰጥስ?» ላይ ስትደርሺ ልዩነቱ አንቺ ሳትናገሪ ይወጣል። የአሜሪካ ልጆች ደጅ ላይ የሚሉት ነገር እንደ ጨዋታ ቢሆንም ማስፈራሪያ አለበት፤ ካልሰጣችሁን ተንኮል እንሠራባችኋለን ነው ነገሩ። የእኛዎቹ ንፉጉን በግጥም ወርፈውት ያልፋሉ። የትኛው ይሻላል ብለሽ አትጠይቂ። ለምን ይመስላችኋል ብለሽ ጠይቂና መልሱን ለእነሱ ተዪው።

እንዲህ ያለው ክፍለ ጊዜ የማንንም ፊት አያስቀባም። ከሁሉ በላይ የወደድኩለት ግን ባለ እውቀቱ ተማሪው መሆኑ ነው። አንቺ ከደብረ ብርሃን የመጣሽ ጠያቂ ነሽ፤ ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባል የለ? ስለማያውቀው የለንደን ባቡር ተናገር ሲባል አፉ የሚተሳሰር ልጅ፣ ስለ ጅራፍ አገማመድ ተናገር ብትዪው ቃል ሲያጥረው በእጁ እያሳየ ይቀጥላል። ቃሉን ያኔ ስጪው፤ የፈለገውን ቃል ደግሞ አይረሳውም።

«የማንን ባህል?» ላልሽው፣ ማርቲን ኮርታዚ እና ሊሺያን ጂን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 የእንግሊዝኛ መማሪያ መጻሕፍት የባህል ይዘታቸውን ከሦስት ቦታ እንደሚቀዱ ጽፈዋል፦ ከተማሪው ከራሱ አገር፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻ ከሆነባቸው አገሮች፣ እና እንግሊዝኛን ለመግባቢያ ብቻ ከሚጠቀሙ ከሌሎች የዓለም ሕዝቦች። እኛ አገር የሚረሳው ሦስተኛው ነው። ተማሪዎችሽ ነገ በእንግሊዝኛ የሚያወሩት ከማን ጋር ነው? አንዱ ደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲቀጠር አለቃው ከእስያ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሌላዋ ለሥልጠና ናይሮቢ ትሄድ ይሆናል። ጓሳ በተባለው የመንዝ ጥብቅ ቦታ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ሊያይ የሚመጣው ጎብኚ ጀርመን ቢሆን እንግሊዝኛው ለእሱም የሰው ቋንቋ ነው። እኛን እንግሊዝኛ ያስተማሩን ፒስ ኮር በሚባለው የበጎ ፈቃድ አገልግሎት የመጡ አሜሪካኖችና ህንዶች ነበሩ፤ የህንዶቹን አነጋገር እየኮረጅን እንስቅ ነበር፣ ሰዋስው የገባን ግን በእነሱ ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ባህል የሚባል አንድ ዕቃ የለም። ማይክል ባይራም የሚባለው እንግሊዛዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ሥራው የቋንቋ ትምህርት ግብ አፍ የፈታበትን ሰው መምሰል ሳይሆን በሁለት ባህል መካከል ቆሞ ማስረዳት፣ መጠየቅና ማስታረቅ መቻል ነው ይላል። ሽማግሌ ባለበት አገር ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ልጆችሽም በቀላሉ ይገባቸዋል።

እንዲያውም ልንገርሽ፣ ሰውን የሚያሳፍረው በዓል አለማወቅ አይደለም። የሚያሳፍሩት የየቀኑ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፤ እነሱን ደግሞ መጽሐፉ እምብዛም አያወጣቸውም።

ምግብ ሲቀርብ የእኛ ልጅ «በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል። ጨዋነት ነው፤ «በሞቴ» እስኪባል ይጠብቃል። እንግሊዝ ቤት «ኖ፣ ታንክ ዩ» ካለ ሳህኑ ይነሳል፣ ልጁም ሆዱ እየጮኸ ያድራል። ባለቤቲቱ ስስታም ሆና አይደለም፤ ቃሉን አክብራለት ነው። ጓሳ የመጣው እንግዳ ደግሞ «አልፈልግም» ባለ ቁጥር ጠላው ሲቀዳለት «እነዚህ ሰዎች አይሰሙም እንዴ?» ይላል። ይህን ሁለት ተማሪ ፊት አውጥተሽ አሠሪው፤ አንዴ በመንዝ ወግ፣ አንዴ በእነሱ ወግ፣ ሁለቱንም በእንግሊዝኛ። ክፍሉ በከሰሉ ቀን የሳቀውን ያህል ይስቃል፤ ቅሬታ የሚያቀርብም አይኖርም።

ሰዓት አለልሽ። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ቤተሰብ ሰባት ሰዓት ላይ ቁርስ ሲበላ ተማሪሽ «ምን ያሉ እንቅልፋሞች ናቸው» ይላል። እኛ ቀኑን ከንጋት፣ እነሱ ከእኩለ ሌሊት እንደሚቆጥሩ በሰሌዳው ላይ ሁለት ክብ ሥለሽ አሳዪ፤ በስድስት ሰዓት መበላለጡን ራሳቸው ይደርሱበታል። ስምም አለ፤ የእኛ ሁለተኛ ስም የአባት ነው፣ የእነሱ የቤተሰብ። ፈረንጅ ቅጽ ላይ አንብቦ ልጅቷን በአባቷ ስም ሲጠራት አባቷ የመጣ መስሏት ዞር ትላለች። ዓይንም አለ፦ ታላቅ ሲናገር መሬት ማየት እዚህ የአስተዳደግ ምልክት ነው፣ እንግሊዛዊ ቀጣሪ ፊት ግን አንድ ነገር የሚደብቅ ያስመስላል። (እዚህ ላይ «ፈረንጅ ሁሉ» ብለሽ እንዳትጠቀልዪ፤ ብዙ የእስያ አገር ሰዎች በዚህ ነገር ከእኛ ጋር ናቸው።) «ስንት ዓመትሽ ነው? አግብተሻል? ደሞዝሽ ስንት ነው?» የሚሉትም እኛ ዘንድ የመቀራረቢያ ጥያቄዎች ሲሆኑ እዚያ ሰው ያስደነግጣሉ።

ከሁሉ የምትከፋው ግን የአሉታ ጥያቄ ናት። «አልበላህም?» ሲባል ያልበላው የእኛ ልጅ «አዎ» ብሎ ይስማማል። እንግሊዝኛው ግን «ኖ» ነው የሚጠብቀው። በዚህች ብቻ ስንቱ ውሸታም ተብሎ ይሆን?

አሁን ወደ ተጠሪሽ። «ግራመርሽን ጨርሺ» ሲልሽ አትከራከሪው፤ ግራመሩን አሳዪው። ፓሲቭ ቮይስ (ድርጊቱ የደረሰበትን የሚያስቀድም አነጋገር) ልታስተምሪ ነው እንበል። መጽሐፉ ውስጥ ያለውን «ደብዳቤው በእሱ ተጻፈ» ማን በሕይወቱ ተናግሮት ያውቃል? የጓሳን ሣር ውሰጂ። ሣሩ ይጠበቃል፣ ለዓመታት ይከለላል፣ ጊዜው ሲደርስ ይከፈታል፣ ይታጨዳል፣ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይውላል፤ ይህን ሲያስተዳድር የኖረው የጥንቱ ሥርዓት ቄሮ ይባላል። እዚህ ላይ ማን አጨደ የሚለው ጉዳይ አይደለም፣ ሣሩ ምን ሆነ ነው ጉዳዩ፤ ፓሲቭ የተፈጠረው ለዚህ ነው። ሁኔታ አመልካቹንም (በእንግሊዝኛ በ‹ኢፍ› የሚጀምረውን) «አንድ ሰው ሣሩ ሳይከፈት ቢያጭድ ምን ይደረግ ነበር?» ብለሽ አያቶቻቸውን አስጠይቂበት። ተጠሪው ደብተር ከፍቶ ቢያይ የሚያገኘው ሠላሳ የፓሲቭ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ባህሉን አይቶ ቢቆጣም የሚያጠፋልሽ ነገር የለም። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናውም ቢሆን ንግግር አሟሉ የሚል ጥያቄ ያመጣል፤ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ፣ ሲጋበዝ፣ ሲቃወም የሚመልሰውን መምረጥ ማለት ነው። ያ በግራመር ብቻ አይመለስም።

ጎበዝ ተማሪዎች ካሉሽ የሸዋ ንጉሥ መቀመጫ የነበረችውን የአንኮበርን ታሪክ ጨምሪላቸው። እ.ኤ.አ. በ1841 በካፒቴን ሃሪስ የሚመራ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ጠመንጃና መድፍ ለስጦታ ይዞ ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጥቶ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ውል ተዋውሏል። ከእሱ ቀድሞ ክራፕፍ የሚባል ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ እዚያ ነበር። ሁለቱም ስላዩት ነገር ጽፈዋል፤ የሸዋን ሰው ያደነቁበትም ያንቋሸሹበትም ቦታ አለ። ነገሩን በአጭሩ በቀላል እንግሊዝኛ ጽፈሽ ስጫቸውና «እናንተ የንጉሡ ጸሐፊ ብትሆኑ ስለ እነዚህ እንግዶች ምን ትጽፉ ነበር?» በያቸው። ለመላው ክፍል ግን ይከብዳል፣ አታስገድጂው።

አንድ ሳልነግርሽ የማላልፈው ነገር አለ። «የእኛ ባህል» እያልሽ ስታስነሺ፣ የሚነሳው ሁሉ ሙልሙልና ጅራፍ አይሆንም። መጽሐፉ ውስጥ ወንድና ሴት ተጫጭተው ስለ ሠርጋቸው ሲማከሩ ታነቢያለሽ፤ «እኛ ዘንድ ማን ይወስናል?» ትያለሽ፤ ስለ ሽማግሌ መላክ ይነግሩሻል፤ ከዚያ ከኋላ ወንበር አንዷ ዝም ትላለች። የ9ኛ ክፍል ልጅ ናት፤ ቤቷ ምን እየተመከረባት እንደሆነ አታውቂም። በሕጋችን ለጋብቻ 18 ዓመት መሙላት ግድ ነው፤ ይህን በክፍል ውስጥ እንደ ተራ እውነት አስቀምጪው፣ ልጅቷን ግን በሰው ፊት አትጠይቂያት። ከክፍል በኋላ የምታናግሪበት ሰዓት ይኑርሽ፤ በትምህርት ቤታችሁ የሴቶች ክበብ ወይም የምታምኛት ታላቅ መምህርት ካለች አስቀድመሽ ንገሪያት። ባህል ማስተማር ባህልን ማሞገስ ነው ያለሽ ካለ አትስሚው። ማዋረድም አይደለም፤ ልጆቹ ፊት «ኋላ ቀር» የምትለዋን ቃል ከአፍሽ እንዳትወጣ።

ደግሞም «እኛ» ስትዪ ማንን እንደምትጨምሪ ተጠንቀቂ። መንዝ ውስጥ አብዛኛው ተማሪሽ ኦርቶዶክስ ቢሆንም፣ ነገ ሸዋ ሮቢት ወይም አልዩ አምባ ብትዛወሪ ክፍልሽ ውስጥ የአርጎባ ልጅ ይኖራል፣ እሱ ለእንግዳ የሚያስረዳው ስለ ኢድ ነው። አሁን ባለሽበትም ቢሆን አንድ ሙስሊም ልጅ ካለ፣ ቡሄውን ሲያወሩ እሱን ጠያቂ አድርጊው፤ በኢዱ ተራ ደግሞ እነሱ ይጠይቁታል።

የቀረው ቄሱ ናቸው። በደብዳቤ ወይም በልጅቷ በኩል እንዳትሞክሪው፤ በእሑድ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ከአካባቢው ተወላጅ ከሆነ ትልቅ መምህር ጋር ሄደሽ አናግሪያቸው። ስለ ሃሎዊን መከራከሪያ ይዘሽ አትሂጂ። «አባ፣ ልጆቹ ቡሄን ለውጭ ሰው በእንግሊዝኛ ማስረዳት እንዲችሉ እፈልጋለሁ፣ ምሥጢሩን ግን እኔ በቅጡ አላውቀውም፣ መጥተው ይንገሩልኝ» በያቸው። ካሁኑ ቁጣ በኋላ እምቢ ሊሉ ይችላሉ፤ ካሉ ይቅር፣ ሌላ አዋቂ ፈልጊ። እሺ ካሉ ግን ሥራው እንዲህ ነው፦ እሳቸው በአማርኛ ይናገራሉ፣ አንቺ አማርኛ የማትሰሚ እንግዳ ሆነሽ ከኋላ ትቀመጫለሽ፣ ተማሪዎቹ በየተራ እያስተረጎሙ ይነግሩሻል። «ደብረ ታቦር»ን፣ «ችቦ»ን፣ «ሙልሙል»ን እንዴት እንደሚያስረዱ ይጨነቃሉ፤ አንዳንዱን እንዳለ ትተው በዙሪያው ማብራራት ይማራሉ። አንቺም እንደ እንግዳ ሞኝ ሞኝ ጥያቄ ጠይቂ፤ «ዳቦው ለምንድን ነው? ጅራፉስ ሰው አይጎዳም?» እያልሽ። ልጅቷ አባቷን ስታስተረጉም የማየት ዕድሉ ካጋጠመሽ፣ ተራውን ለሌላ ለመስጠት አትቸኩዪ።

ርእሰ መምህሩ አስቀድሞ ይወቅ፣ በዕለታዊ ዕቅድሽ ላይም «የቃል ትርጉምና ማብራራት» ብለሽ ጻፊው። ከተከታታይ ምዘናው ላይ አምስት ነጥብ ያዢለት፤ ነጥብ የሌለውን ሥራ 9ኛ ክፍል ውስጥ ማን እንደሚሠራው አንቺም ታውቂያለሽ።